ጭቃው ሳይደርቅ ክፉ ሰው ፍለጋ

እኔና ባለቤቴ ማሩ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነው። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሰፌዱን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ እኔ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ሌላ ሰፌድ ይዣለሁ። ባሌ ምስር ይለቅማል ብዬ ጎረቤት ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ማን ይታዘበኛል። ደግሞ ለምስሩ ብሎ አልነበረም። ድንጋይ ባገኘ ቁጥር በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ ወደ ብርሃን ያዞርና፣

«ይሄስ? ፊቱ ጠቆር ብሏል። ለክፉ ሰውነት አይሆንም?» ይለኛል።

«እሱ ትንሽ ነው፤ ማን ይፈራዋል?»

«ጥርሱን የሰበረበት ሰው ይፈራዋል።»

ሌላ ያነሳል። «ይኸኛውስ?»

«እሱ ምስር ነው፣ ማሩ። መልሰው።»

«አየሽ? ክፉ ሰው ማለት እንዲህ ነው። ምስር የሚመስል።»

«በል ልቀም። ክፉውን ነገ እንመርጠዋለን» አልኩት።

ምስሩን ሠርተን በላነው። አንዲት ድንጋይ አምልጣን ኖሮ በእኔ ጥርስ ሥር ገባች፤ እሱ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ልቡ ቆመች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ጠዋት አልጽፍም። ላወጋችሁ የተነሳሁት ስለ ክፉ ሰው እንጂ ስለ ሞት አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምንኖረው ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ ነው፤ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሎሪ ሹፌርና የሰሊጥ ሠራተኛ የማይጠፋበት ገበያ። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ ማሩ ስልክ ይጠግን ነበር። ከተሰባበሩ ስልኮች ደህና ካሜራ ያለው አንድ ስልክ ገጣጠመና ፊልም ካልሠራሁ አለ። ያውም ተራ ፊልም አይደለም፤ ጀግናው ከሰው በላይ ኃይል ያለው፣ ከኋላው ጨርቅ የሚያውለበልብ፣ ልጆች የሚያብዱለት ዓይነት።

የጀግናው ስም ጭቃ አይዘው ይባላል። የዚህን አገር ክረምት ያላየ ሰው በስሙ ይስቃል፤ ያየ ሰው አይስቅም። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲጠጣ መጀመሪያ ጫማ ይበላል፤ ቀጥሎ አህያ፣ ከአህያ በኋላ ሎሪ ይበላል። የሌላ አገር ጀግና ይበራል አሉ። መብረር እኛ ዘንድ ምን ይጠቅማል? ስትወርድ የምትወርደው እዚያው ጭቃ ላይ ነው። ጭቃ አይዘው ግን በዚያ ጭቃ ላይ እንደ አስፋልት ይሮጣል። እርጉዝ ያደርሳል፣ የተያዘ ሎሪ በአንድ እጁ ይነቅላል። ጀግናውን የሚሠራው ደሴ ነው፤ ከመተማ በኩል ለሰሊጥ ሥራ መጥቶ የቀረ፣ ሁለት ጆንያ ተሸክሞ የሚያፏጭ ጎረምሳ። መጎናጸፊያውን ከሰማያዊ ሸራ እኔ ሰፋሁለት።

የክፍል አንዱ ክፉ ሰው ዝናብ ሰርቆ በርሜል ውስጥ የሚቆልፍና መልሶ የሚሸጥ ደላላ ነበር። ጀግና ልሁን ያለው ሰው ተሰልፎ ደጃችንን ሞላው፤ ክፉ ልሁን የሚል አንድም ጠፋ። ምክንያት አላቸው። እዚህ አገር ፊልም የሚታይበት አንሶላ ሲወርድ ታሪኩ አያልቅም። ክፉ ሆኖ የታየ ሰው ሚስት ቢጠይቅ አይሰጡትም፤ ሎሪ ላይ ቢሳፈር ጉልበቱን ሰብስቦ ቦታ የሚለቅለት አያገኝም። ስለዚህ ማሩ ራሱ ክፉ ሆነ። ከስኳር ዕቃው ውስጥ ጉንዳን በሕይወቱ የሚያወጣው ማሩ፣ ጺም ለጥፎ እየተንከተከተ ዝናብ ሰረቀ፤ መጨረሻ ላይም በበርሜሉ ውስጥ ሰምጦ ሞተ።

በማግስቱ ጥሩነሽ ዘንድ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ጥሩነሽ መንገዱ ዳር ሻይ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት፤ ልጅ ቢኖረን ክርስትና የምታነሳልን ወዳጅ ናት። ብርጭቆውን ቀድታ አስቀመጠችለትና የስኳሩን ጣሳ ክዳኑን ገጥማ ከኋላዋ ደበቀችው።

«ስኳርስ?» ቢላት፣

«ዝናብ ለሰረቀ ስኳር የለም!» አለችው።

ያን መራራ ሻይ ጠጥቶ ቤት ሲገባ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። «ሰማሽ? ከለከለችኝ! አመነችኝ ማለት እኮ ነው!» እያለ ቤቱን ዞረው። ሽልማት የሚሰጡት በጽዋ ነው ይባላል፤ ለእሱ በብርጭቆ ነበር የተሰጠው።

ክፍል ሁለትን ጀምሮት ሞተ። የቀረጸው አንድ ትዕይንት ብቻ ነው። ጭቃ አይዘው ከሩቅ እየሮጠ ይመጣል፣ ጭቃው መሀል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ «ማን ነው እዚያ?» ብሎ ይጮኻል። ካሜራው እሱ ወደሚያይበት አቅጣጫ ይዞራል። ባዶ ሜዳ። ክፉው ገና ስላልተመረጠ መልስ የሚሰጥ የለም። ከዚያ የማሩ ድምፅ ከስልኩ ጀርባ «በቃ!» ይላል። ይኸው ነው ያለው።

እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ብቻውን ዝም እንዲል አይተውም፤ ሰው እየተፈራረቀ ያጫውተዋል። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ተከብቤ ተቀመጥኩ። ሁሉም «እግዜር ያጽናሽ» ሲሉኝ አንዲት አሮጊት ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው፣

«አይዞሽ ልጄ፣ ባለፈውም እኮ በበርሜሉ ሞቶ ነበር። ተነስቶ ሻይ ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉኝ።

ከሁሉ የተሻለ ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው።

ደሴ መሬት መሬት እያየ ቆይቶ፣ «እትዬ፣ ክፍል ሁለትስ እንዴት ይሆናል?» አለኝ።

ጥሩነሽ ተቆጣች። «አፍህን ዝጋ አንተ! ይህ ለቅሶ ቤት ነው!» ነጠላዋን አስተካከለች። «ለመሆኑ ክፉው ማን ነው?»

«አልተመረጠም» አላት ደሴ።

በዚህ አለቀ። ድንኳኑ በሙሉ ክፉ ሰው ይመርጥ ጀመር።

መምረጥ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ማሩ ትቶልን የሄደው አንድ ሕግ አለ። «ክፉው አፉን ሲከፍት ከተመልካቹ አንዱም የእኛ ሰው ነው ብሎ አንገቱን እንዳይደፋ፤ አንዱም የእነሱ ሰው ነው ብሎ እንዳይደሰት» ይል ነበር። እስኪ እናንተ በዚህ ሕግ ክፉ ሰው ፈልጉ። ጎንደርኛ ቢናገር እኛው ነን። ትግርኛ ቢናገር ለታይ አለች፤ ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ የምታስተምር፣ ማሩ እዚያ ሄዶ ስልክ ሲጠግን የተዋወቀችን፣ ክፍል አንድን ለካምፑ ልጆች ያሳየችልን እህታችን። ዓረብኛ ቢናገር አንሶላችንን የምንሰቅልበት የትራክተር ተሳቢ የአሚ ኡስማን ነው፤ እሳቸው የቤታችን አከራይ ናቸው። ዲዳ ይሁን ተባለ። የአሚ ኡስማን ወንድም ዲዳ ነው።

«ትራክተርዎ ይሁን» አላቸው ደሴ። «ብቻውን ተነስቶ ሰው የሚያሳድድ ትራክተር።»

አሚ ኡስማን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ወላሂ፣ የእኔ ትራክተር ሰው አባሮ አያውቅም። ሰው ነው ሁልጊዜ እሱን የሚገፋ።»

አንዱ ከጥግ «ጦርነት ይሁን» አለ።

ለታይ ቀና ብላ አየችው። «እሱን አውቀዋለሁ። ለመዝናኛ አልፈልገውም» አለች፤ ሰውየው ሳል ያዘው።

ቀኑ እየሄደ ነበር። ደሴ እጄን ይዞ፣ «እትዬ፣ አጨዳ ሲደርስ ሁላችንም እንበተናለን። ጭቃውም ይደርቃል። ለሚቀጥለው ክረምት ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን» አለኝ። ከመጀመሪያው ማለት የማሩ ትዕይንት ይጣላል ማለት ነው። ከዓመት በኋላ ደሴ ሌላ ደሴ ነው፤ ምናልባት ወፍሮ፣ ምናልባት አግብቶ፣ ምናልባት ወደ አገሩ ገብቶ። ጭቃው ከደረቀ ደግሞ ጭቃ አይዘው ምኑ ጀግና ነው? እንደ ማንኛችንም በደረቅ መሬት የሚራመድ ሰው ነው።

«አይጣልም» አልኩት። «አርባው በወጣ ማግስት እንቀርጻለን።»

«ክፉውስ?»

«እኔ አገኘዋለሁ።»

እንዲህ ያልኩት ክፉ ሰው ገበያ ላይ የሚገኝ መስሎኝ ነው። ጅብ አሰብኩ፤ የጅብ ቆዳ የሚመስል ጨርቅ ሰፍቼ በአህያ ላይ ብሞክረው አህያዋ ራሷን ፈርታ ባሱንዳ ከተማ ልትደርስ ምንም አልቀራት። በመጨረሻ ጥሩነሽ፣ «የወባ ትንኝ ይሁን! ትንኝ ስትነክስ ቋንቋ አትጠይቅም» አለች። ሁላችንም እጇን ልንስም ደረስን።

ሁለት አሮጌ አጎበር ቀድጄ ክንፍና ቀሚስ አወጣሁ። ለመውጊያው ከአሚ ኡስማን የናፍጣ መቅጃ ተዋስን። ትንኙ እንዲሆን የጥሩነሽን ባል ጋሽ ፈንታን መረጥን፤ ጎኑን ሲያዞር የማይታይ ቀጭን ሰው ነው። ክፉ መባሉን እንዳይፈራ «ትንኝ ነህ እንጂ ሰው አይደለህም» ብለን አሳመንነው። ዶካ መንገድ ዳር ያለው ጭቃ መሰንጠቅ ጀምሮ ስለነበር ለታይ ካምፓቸው አጠገብ ውሃ የተኛበት ቦታ እንዳለ ነገረችን። ሎሪ ተሳፍረን ሄድን። ሎሪውን መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው፤ ጭቃ አይዘው ወርዶ ገፋ፤ ሎሪው ወጣ፣ የጭቃ አይዘው ጫማ ቀረ።

ቱነይድባ ደርሰን ጋሽ ፈንታ ሻይ ቤቶቹ አጠገብ ልብሱን ለበሰና ወደ ሜዳው መራመድ ጀመረ። በአጎበሩ ውስጥ በደንብ ስለማያይ ቀስ ይላል። እኔና ለታይ ስልኩን ይዘን ቀድመን ሄደናል። ዘወር ብል አንዲት ሴት ጄሪካን ይዛ ከኋላው ትከተለዋለች። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ከእሷ ኋላ ሌሎች አሉ።

«እንታይ እዩ ዝዕደል ዘሎ?» ትላለች አንዷ፤ ምን እየታደለ ነው ማለቷ ነው።

በአማርኛ መለሰችላት ሌላዋ፦ «አጎበር ነው መሰለኝ።»

«ዘይትም አለ! መቅጃውን አላየሽም?»

ጋሽ ፈንታ ዞር ብሎ የሚከተለውን ሰው ሲያይ ደነገጠና ፈጠነ። ሰልፉም ፈጠነ። እሱ ታጠፈ፤ ሰልፉም ሳይቆራረጥ ታጠፈ። በመጨረሻ ጭቃው መሀል ገብቶ እስከ ቅልጥሙ ተያዘና ቆመ። ማደያው እዚያ መሆኑ ነው፤ ሰዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። መቆም የከበደው ጄሪካኑን፣ ጄሪካን የሌለው ድንጋይ በቦታው አስቀመጠ።

ደሴ ይህን ሁሉ አላየም። ከሩቅ ሆኖ የእኔን ምልክት ሲጠብቅ ቆይቶ ሰልፉን ለማስቆም እጄን ሳነሳ ጀምር ያልኩት መስሎት መጎናጸፊያውን እያውለበለበ በሩጫ መጣ። ወደ ትንኙ ሊወረወር ሲል የሰልፉ መሪ ያቺ ባለ ጄሪካን ሴት ሸራውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ወዴት ነው? ተራህን ያዝ!»

«እኔ ጭቃ አይዘው ነኝ!»

«ማንም ሁን! ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምን!»

ጭቃ አይዘው ሎሪ ይነቅላል፣ ደላላ ያሰምጣል። ሰልፍ ላይ ግን አቅም የለውም። አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከፊቱ የቆሙትን ሽማግሌ፣ «ከእርስዎ ቀጥሎ እኔ ነኝ፣ አይደለም?» ብሎ አረጋገጠ።

እኔ ፀሐዩን አየሁ። ደመናው ተገፎ የጭቃው ዳር ነጣ ነጣ ማለት ጀምሯል። ጋሽ ፈንታ «አውጡኝ!» ይላል፤ ሰልፉ «ጀምሩ!» ይላል፤ ማሩ የለም። እንደ እብድ ሆንኩ። የተገለበጠ በርሜል ላይ ወጣሁ። ከራስ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሻለሁ። እጆቼን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ስንት ቢሮ ደጅ ላይ ቆሜ የሰማሁት ቃል ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«የለም! ዛሬ ምንም የለም! ነገ ኑ!»

ሁሉም እንዲሰማ «ነገ» የሚለውን ደግሞ በዓረብኛ ደገምኩት። «ቡክራ! ቡክራ!»

ጋሽ ፈንታ እንኳ መጮኹን አቆመ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው አዩኝ፤ እንዲያ ታይቼ አላውቅም። እስከዛሬ ፊታቸው ላይ የተዘጉት መስኮቶች ሁሉ ቁልፍ በእኔ እጅ ያለ ይመስል ነበር። ከጎንደር የመጣውም፣ ከትግራይ የመጣውም፣ ውሃ በአህያ የሚሸጠው የአገሬው ሰውም፣ ሁሉም በአንድ ዓይን አየኝ።

ለታይ ስልኩን ዝቅ አደረገች። ስትቀርጽ ነበር።

«ሐፍተይ፣ እህቴ፣ አገኘናት» አለችኝ።

«ማንን?»

«ቡክራን።»

እኔም ከበርሜሉ ላይ ሆኜ ገባኝ። ብሔር የላትም፤ ቋንቋዋን ሁሉም ያውቀዋል። በደጇ ያልቆመ ሰው የለም። እኔ ራሴ ማሩን ምስር ስንለቅም በዚያች ቃል ነበር ያሰናበትኩት።

ለሰልፉ እውነቱን ነገርናቸው። ተቆጡ፤ ቀጥሎ ሳቁ፤ ቀጥሎ «ታዲያ አጎበሩስ?» አሉ። የጋሽ ፈንታን ልብስ አውልቀን ለመጀመሪያዋ ሴት ሰጠናት። ሕግ ነው፤ ተራዋ ነበር። የቀሩት ደግሞ ቁሙ ስንላቸው ቆሙልን። ስንት ተዋናይ ለምኜ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ልምምድ የማያስፈልገው ሰው አላየሁም።

ጥሩነሽ ግን እጄን ይዛ ጎተተችኝ። «አንቺ፣ ከል ለብሰሽ ልትተውኚ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ክፉ ነሽ ይለኛል። እሱን ነው የምፈልገው። ልብስም መስፋት አያስፈልገኝ፤ ለብሼ ነው የመጣሁት።»

«ክፉ ሰው ደግሞ ይስቃል። የማሩን ሳቅ ታስታውሻለሽ? አንቺ መቼ ሳቅሽ?»

ይህንን አላሰብኩበትም ነበር። ሞከርኩ። ከጉሮሮዬ የወጣውን ድምፅ ሰምታ ጥሩነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ቡክራ አትስቅም» ብዬ ወሰንኩ። እንዲያውም ያስፈራል።

የመጨረሻው ችግር ደሴ ሆነ። «እትዬን አልመታም» አለ። «ብመታት ጋሽ ማሩ ከመቃብሩ ተነስቶ ይመታኛል።»

«ጀግና ነህ፤ ካልመታህ እንዴት ታሸንፋለህ?»

አጎበር የደረሳት ሴት አጎበሩን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እየሰማችን ነበር። «ምን ያማታችኋል?» አለች። «እንደዚህች ያለችውን የሚያሸንፋት አለመሄድ ነው።»

እንዲያው አደረግን። ደሴ ጭቃው መሀል ገብቶ ቆመ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭቃ አይዘው ጭቃ እንዲይዘው ፈቀደ። እኔ በርሜሌ ላይ ወጣሁ። «ቡክራ!» አልኩ። «አልሄድም» አለ። «ቡክራ!» ከኋላው ሰልፉ አልተነቃነቀም። ደጋግሜ አልኩት፤ ባልኩት ቁጥር ድምፄ እየሳሳ ሄደ። ማንም አልሄደልኝም። በመጨረሻ የምለው አጣሁ፤ ዝም ብዬ ቆምኩ። እነሱም ቆሙ። ለታይ ስልኩን ይዛ ቆመች። ሁላችንም አንድ ነገር እየጠበቅን እንደነበር ቆይቶ ነው የገባኝ፤ «በቃ» የሚለን ሰው አልነበረም። ያ የማሩ ሥራ ነው።

ከበርሜሉ ሳልወርድ፣ «በቃ!» አልኩ።

ሠራተኛው ለአጨዳ ሳይበተን ዶካ ላይ አሳየነው፤ በአሚ ኡስማን ተሳቢ ላይ፣ በእኔና በማሩ የሠርግ አንሶላ ላይ። ጭቃ አይዘው ሮጦ መጣ፣ «ማን ነው እዚያ?» አለ፣ ባዶው ሜዳ ታየ፣ ማሩ «በቃ!» አለ። ድምፁን ልንቆርጠው አልፈለግንም። ከድምፁ ቀጥሎ የእኔ ፊት መጣ። ሕዝቡ ተነስቶ ጮኸብኝ፤ አንድ ሰው ጫማ ወረወረ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያጽናኑኝን አሮጊት ሳይ ምራቃቸውን እንትፍ አሉ።

በማግስቱ ጥሩነሽ ዘንድ ሄድኩ። አርባ ቀን ሙሉ አብራኝ ያለቀሰች ሴት ናት። ሻዬን ቀድታ አስቀመጠችልኝ። እጄን ወደ ጣሳው ስዘረጋ ክዳኑን ገጥማ ወደ ኋላዋ አደረገችው።

«ስኳር ለአንቺ?» አለችኝ፣ ሳቋን እየዋጠች። «ነገ ነይ!»

ብርጭቆውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። የምስሩ ሰፌድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በእሱ በኩል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እስኪያስለኝ ሳቅሁ።

ጠዋት ጠዋት ልብስ እሰፋለሁ፤ ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ።